ቀይ የተደረገበት ደረሰኝ

ልጄ፣ እጅህ የነካው ሁሉ ይለምልምልህ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እንዴት ከረምክ? እኛ እንዳለን አለን። የጓሮው በር ማጠፊያ ወልቆ በገመድ አስረነዋል። እህትህ ልብስ ስፌቱን አላቋረጠችም፤ ዓይኗን ግን እያመማት ነው።

ባለፈው ስትመጣ ስልኬ ላይ የጫንክልኝን የገቢና የወጪ አፕ አንድም ቀን አላስተጓጎልኩም። ደረሰኝ ላላስገባሽበት ወጪ ገንዘብ አልልክም ብለሃልና የሳሙናውንም የመብራቱንም እናስገባለን። ፎቶ የሚያነሳው አባትህ ነበር። ወረቀቱን በመነጽሩ ማኅደር ጫን አድርጎ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያነሳው።

የማስታገሻው መድኃኒት ደረሰኝ ላይ ቀይ አድርገህ «ይሄ በየሳምንቱ የግድ ነው?» ብለህ የጻፍከውን መጀመሪያ ያነበበው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ «ተሽሎኛል፣ አትግዢ» ይለኝ ጀመር። ትራሱን ነክሶ ሲያቃስት እሰማው ነበር።

ማክሰኞ ቀበርነው። ደውዬ እንዳልነግርህ የስልክ ካርዱ ደረሰኝ ላይም ቀይ አድርገሃል፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

አፕህ ግን ደስ ብሎታል። ትናንት ስከፍተው «የዚህ ወር ወጪዎ ቀንሷል፤ በርቱ» አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፣ የኔ ጌታ። ሣጥኑን የሠራው ጎረቤታችን አናጢው ገንዘብ አልቀበልም ስላለ ደረሰኝ የለውም። እሱን እንዳትጠይቀኝ።

ዕድሜህን ያርዝመው። ስታረጅም የሚጦርህ፣ ልክ እንደ አንተ ያለ ልጅ ይስጥህ።

እናትህ