ሃኒ የባዛር ሥራ ጀመረች

ልጄ መስከረም፣ በሰው አገር የምትረግጪውን ሁሉ እመቤቴ ታለስልስልሽ። እኛ ደህና ነን። አጎትሽ ገሠሠ ከወንጂ ሸንኮራ ልኮልናል።

ይህን የምትጽፍልኝ እህትሽ ሃኒ አዳማ ባዛር ላይ የሳሙና ፕሮሞተር ሆናለች። ነባሮቹ በማይክ እየጮኹ የናሙና ሳሙና ሲያድሉ እሷ ጎንበስ ብላ የእያንዳንዱን ትልቅ ሰው ጤና ትጠይቃለች። እስከ ምሳ ያደለችው ሃያ ሳሙና ብቻ ነው። ፋኢዛ የምትባል ነባር ሠራተኛ፣ «እናቴ፣ ለቅሶ ነው እንዴ የመጣሽው?» ብላ አሳቀችባት። አለቃዋም ነገ ካልፈጠነች እንደሚያሰናብታት ነግሯታል። እሷም «ነገ ሥራ አልሄድም» እያለች ነው።

አንቺም ይህን ሥራ ስትጀምሪ ማይክ ጥለሽ ቤት ድረስ መሮጥሽን አሁን ብነግራት፣ መጻፏን ትታ «መስኪ? ውሸት!» አለችኝ። ደብዳቤውን በቴሌግራም እንደላከችልሽ ደውዪና ራስሽ ንገሪያት። ድምፅሽን አያሳጣን።

እናትሽ