ሙሉውን ያላየሁት መጋረጃ

የካቲት 4

ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ የተማሪ ሹራብ ክርኑ ላይ መጣፍ። እንደ ወትሮው። ከሰዓት መብራት ጠፋና የእግሩን የስፌት መኪና አስነሳሁ። አሁንም እግሬ ብቻውን የሚሰፋ ይመስለኛል።

ትልቋ ልጄ ከትምህርት ቤት ፊቷ ዳምኖ መጣች። እራት እምቢ። ስጎተጉታት፣ ስጎተጉታት... ለካ ክፍል ውስጥ የወላጆቻችሁን ሥራ ተናገሩ ተብለዋል። እሷ ተነስታ "እናቴ ከቤት የሚበልጥ ጨርቅ ሰፍታለች" ብላ እርፍ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። መምህሯ ደግሞ "የኔ ልጅ፣ ማጋነን ጥሩ አይደለም" አሏት። ከዚያ ወዲያ ስሟ ጉረኛ ሆነ። በሰባት ዓመቷ!

እውነቷን እኮ ነው። ባለፈው ክረምት ያንን የቲያትር ቤት መጋረጃ ሰፍተናል። አረንጓዴ ከፋይ። አብዛኛውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ግን ስፌት ቤታችን ጠባብ ናት። ጠረጴዛውን አውጥተን፣ የተሰፋውን እንደ ፍራሽ እየጠቀለልን፣ ያልተሰፋውን እየፈታን ነው የጨረስነው። አንድም ቀን ተዘርግቶ አያውቅም። ከዚያ መኪና መጣ፣ ተጫነ፣ ሄደ።

"እማ፣ አንቺ ግን ሙሉውን አይተሽዋል?" አለችኝ።

ምን ልበላት? "ተኚ" አልኳት።

የካቲት 5

ሐሳቡ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ለምን አልወስዳቸውም? ቲያትር ቤቱ ያለበት ከተማ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ቢሆን ነው። ጨረቃ ላይ አይደለም።

ባሌ ከዳቦ ቤት ሲመለስ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለ፣ ነገርኩት።

"ሽርሽር? በሁለት ልጅ? ያውም ከኮሎኔሉ ጋር?"

ኮሎኔል የምንለው ትንሹን ነው። ገና አራት ዓመቱ ነው፣ ግን ቤቱን የሚያዘው እሱ ነው።

"ደግሞ ሰው ከተማ ድረስ የሚሄደው መጋረጃ ለማየት ነው?"

"መጋረጃ አይደለም። የኔ መጋረጃ።"

ጫማውን አወለቀ። ከዚያ "የመንገዱ ዳቦ በኔ" አለ። ተፈቀደ ማለት ነው።

የካቲት 9

ዕቅድ። ሕጉ አንድ ነው፦ በነፃ ካልሆነ፣ ለነፃ የቀረበ።

ማደሪያ... የባሌ እህት እዚያው ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ስደውልላት ጆሮዬ እስኪደነቁር ጮኸች። "ኑ ስላችሁ ስንት ዓመቴ! አልጋው የልጆቹ፣ ወለሉ የኔና ያንቺ!" ምግብ... የአባታቸው ዳቦ፣ ቅቅል እንቁላል፣ ቅቅል ድንች። መዝናኛ... መናፈሻ አለ። ባቡር ጣቢያ ቆሞ ባቡር ማየት አያስከፍልም። ትልቁ ሱቅ ውስጥ በራሱ የሚሄድ ደረጃ አለ አሉ፣ ሽቅብ ቁልቁል ሲሉበት ቢውሉ ማን ይከለክላቸዋል?

የቀረው ዋናው ነው። ቲያትር ቤቱ። ቲኬት ለሦስት ሰው... አሰብኩት። ተውኩት። እንደገና አሰብኩት።

የካቲት 13

ትዝ አለኝ! መጋረጃውን ሊጭን የመጣው ሰውዬ፣ የመድረኩን ገመድ የሚስበው፣ ስልኩን ስፌት ቤታችን ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጽፎት ነበር። የመጨረሻዋ ቁጥር ደብዝዛለች። ሰባት ናት አንድ? በአንድ ሞከርኩ፣ አንዲት ሴትዮ ተቆጡኝ። በሰባት ሞከርኩ።

"ማን ልበል?"

"የመጋረጃው ሰፊ ነኝ።"

"እንዴ! እርስዎ ነዎት? እኔ እኮ በየቀኑ የምስበው የእርስዎን እጅ ሥራ ነው!"

እንዲህ አለኝ። ቃል በቃል። በርጩማዬ ላይ እየተቀመጥኩ እየተነሳሁ ነው የሰማሁት።

በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት የልጆች ቲያትር አለ፣ መግቢያው በነፃ። በአራት ሰዓት ይጀመራል። "ቀደም ብላችሁ ኑ" አለኝ፣ "ሳይከፈት እንድታዩት። አንዴ ከተከፈተ ምን ይታያል?"

ክንፍ አወጣሁ።

የካቲት 17

ዓይኔን በጨው አጥቤ ጋሼን ፈቃድ ጠየቅኳቸው። ጋሼ የስፌት ቤቱ ባለቤት ናቸው። ዓርብን ግማሽ ቀን፣ ቅዳሜን ሙሉ።

"የዩኒፎርም ሥራ ተቆልሎ?"

"መጋረጃውን ልጆቼን ላሳያቸው ነው።"

መነጽራቸውን አወረዱ። "እኔም አላየሁት" አሉ። ደግሞ "ጸጉሩን እይልኝ።"

አይ ጋሼ! ምን አስታወሱኝ? የከፋይ ጸጉር እንደ ድመት ጀርባ ወደ አንድ ወገን ነው የሚተኛው። ጎን ለጎን ከሰፋናቸው የጨርቅ ስንጥቆች አንዷ ተገልብጣ ከተሰፋች፣ መብራት ሲያርፍበት እሷ ብቻ ሌላ ቀለም ትመስላለች። በጀርባው በኩል በጠመኔ ቀስት እየሠራሁ ነው የሰፋሁት፣ አውቃለሁ። ግን ተዘርግቶ ካልታየ በምን ይረጋገጣል?

ልጄን እውነቷን ነው ላሰኝ ወስጄ፣ የተዥጎረጎረ ነገር ባሳያትስ?

የካቲት 22

ልምምድ አደረግን። እጅ መያያዝ፣ መንገድ መሻገር፣ "እማ ጠፋሁ" ማለት ሳይሆን ባሉበት መቆም። ትልቋ ጎበዝ። ኮሎኔሉ ግን ቀይ ባልዲዬን ካልያዝኩ አልሄድም ብሏል። የልብስ ማጠቢያው ባልዲ! ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አባቱ በዳቦ ሊደልለው ሞከረ። ወይ ፍንክች። ባልዲው ይሄዳል።

ትልቋ ትናንት ክፍል ውስጥ "ከከተማ ስመለስ ሰኞ እነግራችኋለሁ" ብላ መጥታለች። አሁን መመለሻ የለም።

የካቲት 28

ደረስን። በሰላም ልበል?

አውቶቡሱ ላይ ረዳቱ መጣ። ጭን ላይ የሚቀመጥ ሕፃን አይከፍልም። ኮሎኔሉን አየውና "ስንት ዓመቱ ነው?" አለኝ። አፌን ሳልከፍት እሱ "አራት! ትልቅ ነኝ!" አለ።

"ትልቅ ከሆንክማ ትከፍላለህ።"

ኮሎኔሉ አሰበ። ከባልዲው ውስጥ ቁራሽ ዳቦ አወጣና ሰጠው። ረዳቱ አየው፣ አየኝ፣ ዳቦውን ጎርሶ አለፈ። ከኋላ ያሉት ሁሉ ሳቁ። የባሌ ዳቦ እንደዚህ ነው፣ አያሳፍርም።

ግማሽ መንገድ ላይ ደግሞ ጠመዝማዛው ጀመረና ልጄን አጥወለወለው። ባልዲው ሥራውን ሠራ። ዝርዝሩ ይቅር... ግን ሌሎች እናቶች በቅናት ነበር የሚያዩኝ።

አክስታቸው መናኸሪያ ድረስ መጥታ ተሸክማቸው ገባች። ባልዲውን በሳሙና እያጠበች "ይሄን ደግሞ ለምን አመጣችሁት?" ትለኛለች። የሆነውን ነገርኳት። በሳቅ ፈረሰች።

የካቲት 29

ከየት ልጀምር...

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ነበርን። ንጹሕ፣ የተበጠርን፣ ከነባልዲያችን። ልገባ ስል ኮሎኔሉ "ሽንቴ!" አለ። ሰልፍ። የልጅ ሰልፍ ደግሞ አያልቅም። ተራው ሲደርስ መጣ ያለው ሽንት ቀረ። ቆምን። "በል እንጂ።" "እንቢ አለኝ።" ቆይቶ መጣ። ከዚያ ውኃውን እኔ ካልለቀቅኩት ብሎ ለቀቀው፣ ደገመው፣ ሦስተኛውን ሲል አንጠልጥዬው ሮጥኩ።

ስንገባ ጨለማ። መድረኩ በርቷል። መጋረጃው ተከፍቷል!

ክው አልኩ።

"እማ፣ የታለ?" አለችኝ ትልቋ በሹክሹክታ። ከመድረኩ ግራና ቀኝ ተሰብስቦ የቆመውን አሳየኋት። ተጣጥፎ፣ ተሸማቆ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥኖ። ጥቁር ይሁን አረንጓዴ እንኳ አይለይም።

"ይሄ ነው?"

"...ነው።"

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ለዚህ ነው እንግዲህ እነዚህን ሕፃናት ያን ሁሉ መንገድ ያንገላታሁት? ሰኞ ምን ብላ ትነግራቸዋለች?

ቲያትሩ ድምፁ ስለጠፋበት አውራ ዶሮ ነበር። ጥሩ ነበር መሰለኝ፣ ልጆቹ ሁሉ ይንጫጫሉ። ኮሎኔሉ ባልዲውን ገልብጦ ላዩ ላይ ቁጢጥ አለ፣ ከፊቱ ካለው ሰውዬ ራስ በላይ እያየ በሳቅ ይንፈራፈራል። እኔ ያየሁት ምሰሶዎቹን ብቻ ነው።

አለቀ። ዶሮው ድምፁን አገኘ፣ ተጨበጨበ፣ ተዋንያኑ እጅ ነስተው ገቡ። ሰው ልጁን እየሰበሰበ መውጣት ጀመረ። ትልቋም ተነሳች።

"ቁጭ በይ" አልኳት። "ያልተዘጋ ነገር አላለቀም።"

ከዚያ ገመዱ ሲንሸራተት ተሰማኝ።

ከግራም ከቀኝም መጣ። አረንጓዴው መጣ... መጣ... አያልቅም። እጥፋቱ እየተፈታ፣ ወለሉን እየጠረገ፣ መሃል ላይ ተገናኘና ወዘወዝ ብሎ ረጋ። መብራቱ አረፈበት።

መጀመሪያ በልብስ ሰፊ ዓይን ነው ያየሁት። ስንጥቅ በስንጥቅ። አንደኛው፣ ቀጥሎ ያለው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው... ጸጉሩ ሁሉም ወደ ታች። አንድ ቀለም። የተገለበጠ የለም።

ከዚያ ዝም ብዬ አየሁት። ይሄን ሁሉ እኔ? በዚያች ክፍል? እንደዚህ ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። እያንዳንዱ ክንድ በእጄ አልፏል፣ ግን አላውቅም ነበር። ኮራሁ። በቃ። ሌላ ቃል የለውም። እንባዬ መጣ፣ አልጠረግኩትም።

ጭብጨባ ሰማሁ። ኮሎኔሉ ባልዲው ላይ ቆሞ ብቻውን ያጨበጭባል። ሊወጡ የነበሩ ሰዎች ዞሩ። አንዲት እናት "ለማን ነው የኔ ጌታ? ገቡ እኮ" አለችው።

"ለእማዬ ጨርቅ!"

ሴትየዋ መጋረጃውን አየች። እኔን አየች። "የእውነት አንቺ ነሽ?" ራሴን ነቀነቅኩ። ልጇን አወረደችና አብራው አጨበጨበች። ገመድ ሳቢው በመጋረጃው ጠርዝ ብቅ ብሎ ይሄ ጭብጨባ የምን ነው ብሎ ሲያይ፣ ሲያውቀኝ፣ እሱም ጨመረበት።

ትልቋን መድረኩ ላይ አወጣት። እሷ ምን አደረገች? እጆቿን ዘርግታ በክንዷ መለካት ጀመረች። እኔ ጨርቅ ስለካ እንደምታየኝ... ዘርጋ፣ ያዝ፣ ቀጥል። ከጫፍ እስከ ጫፍ። ስትመለስ ጉንጯ ቀልቷል።

"እማ፣ እኔ እኮ አላጋነንኩም" አለችኝ። "አሳንሼ ነው የተናገርኩት።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የካቲት 30

መናፈሻ፣ ባቡር፣ በራሱ የሚሄድ ደረጃ። ኮሎኔሉን ከደረጃው ያወረደው የሱቁ ጥበቃ ነው። ወደ ቤት በሚመልሰን አውቶቡስ ሁለቱም ጭኔ ላይ ተኝተዋል። ዳቦው አልቋል። ባልዲው ግን አለ።

መጋቢት 1

ጋሼ ገና ከበር "ጸጉሩስ?" አሉኝ። "ወደ ታች፣ ጋሼ። ሁሉም።" "ጎሽ" አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ብዙ ጊዜ አልዞሩም። መነጽራቸውን ነው መሰለኝ የሚጠርጉት።

ከሥራ ስወጣ ትልቋን ልቀበላት ሄድኩ። እንደገና ስቀውባት ይሆን እያልኩ። መምህሯ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ ደግሞ ይባስ።

"እርስዎ ነዎት እናቷ?"

"አቤት፣ እኔ ነኝ። ምን አጠፋች?"

"ኧረ ምንም! ክፍሉን አስለቀቀችን እንጂ" አሉኝ እየሳቁ። ለካ ስትናገር እንደገና ስቀውባታል። አልተጣላችም። አላለቀሰችም። መምህሯን አስፈቅዳ ክፍሉን በሙሉ ግቢ አወጣችና እጅ ለእጅ አያያዘቻቸው። "ዘርጉ፣ ዘርጉ" እያለች። ሰልፉ ከግድግዳው ተነስቶ ውኃ ቧንቧው ጋ አለቀ። "ገና ነው" አለች። መምህሯ ገብተው እጃቸውን ሰጡ። "ገና ነው።" በር ጠባቂውን ጠሩት።

"እሱ ገብቶም ገና ነው አለችን" አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያን ዕለት አጋነንሽ ያልኳት እኔ ነኝ። ዛሬ በልጆቹ ፊት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። እርስዎንም ልጠይቅ ብዬ ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ መሰለኝ።

ልጄ እየዘለለች መጣች። ከኋላዋ ልጆች "መጋረጃ! ደህና እደሪ መጋረጃ!" ይላሉ። አዲሱ ስሟ ነው። እየተቀባረረች እጇን አወዛወዘችላቸው።

መጋቢት 4

ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር። እንደ ወትሮው።

ማታ ማታ ቤት ውስጥ ቲያትር አለ። አንሶላ በገመድ ተሰቅሏል። ተዋናይ የለም። ኮሎኔሉ አንሶላውን ይዘጋል፣ አባቱ ያጨበጭባል። ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ያጨበጭባል። ካላጨበጨበ ወዮለት።

ዛሬ አንድ አዲስ ደንበኛ መጣ። ሱሪውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ፣ እኔን አየት፣ ሱሪውን አየት አደረገና "እግሩ መጠበብ አለበት። ከባድ ነው... ትችይዋለሽ?" አለኝ።

ጋሼ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ያዙት።

"እንሞክራለን" አልኩት።