ሦስት ቲኬትና አንድ ምስክር

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ከሥራ ገባሁ። እግሬ አብጧል… የምሠራበት መጋዘን፣ ዌርሃውሱ፣ ዛሬ ሰው ጎድሎበት ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬን ከፈትኩ። የጓደኛዬ የሰሎሜ ፎቶ! ትንሿን የአሜሪካ ባንዲራ ይዛ፣ ሠላሳ ሁለት ጥርሷን ገልጣ። መሐላ ፈጽማ፣ ዜግነት አግኝታ ሲትዝን ሆናለች። በአንድ ዓመት ዲቪ፣ በአንድ አውሮፕላን ነው የመጣነው። መቼ ፎርም ሞላች? መቼ ኢንተርቪው ገባች? እኔስ የት ነበርኩ?

ላይክ ሳላደርግ ዘጋሁት። ቀናሁ። ለራሴ ምን እዋሻለሁ… አንጀቴ እስኪቃጠል ቀናሁ።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ሞርስ ሮድ ሄድኩ፣ የዜግነት ፎርም ለሰው የሚሞሉት እትዬ ሮማነወርቅ ቢሮ።

«የመኪና ቅጣት አለሽ?»

«ሦስት። ግን ከፍዬ ጨርሻለሁ።»

«ብትጨርሺም ይጻፋል። ደብቀሽ ካገኙብሽ ነው ጣጣው፣ ዋሸች ብለው ሊከለክሉሽ ይችላሉ። ስለ ጠባይሽ የሚመሰክር ሲትዝንም ፈልጊ፣ ደብዳቤ ይጻፍልሽ። ግዴታ አይደለም፣ ግን ይረዳሻል።»

ሰሎሜ አንድም የቅጣት ቲኬት የላትም። ከየት ይምጣባት? ሁለት ዓመት ሙሉ ኢስተን ያለው ሥራዋ ድረስ በመኪናዬ ያደረስኳት እኔ! ከሦስቱ ሁለቱን ስቀጣ አጠገቤ ተቀምጣ ሊፕስቲክ ትቀባ ነበር። «ሮሃዬ ንጂው በናትሽ፣ ሌት ሆንኩ እኮ፣ ረፈደብኝ!» የሷ መዝገብ ንጹሕ፣ የኔ የተበላሸ… ፍትሕ ነው ይሄ?

ረቡዕ፣ ማርች 12

ጋሼ ሀብተማርያም ጻፉልኝ። በቤተ ክርስቲያን የሁላችንም ሽማግሌ ናቸው። «ሮሃ በሕይወቷ አንድም ጥፋት ተገኝቶባት አያውቅም።» እንባዬ መጣ… እትዬ ሮማነወርቅ ግን ራሳቸውን ያዙ።

«ፎርሙ ሦስት ቅጣት ይላል፣ ሽማግሌው ምንም የለባትም ይላሉ። የቱን ይመኑ?»

ለጋሼ ደወልኩ። ቅጣቶቹን ይጥቀሱልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

«የልጅ ነውር በእጄ ጽፌ ለመንግሥት ልስጥ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

እሺ… ቅጣቱን የሚያውቅ ሲትዝን ማን አለ? አንድ ሰው። ስሟን መጻፍ አስጠላኝ።

ዓርብ፣ ማርች 14

አልደውልላትም።

እሑድ፣ ማርች 16

ደወልኩ። ነገሩን በደረቁ ነገርኳት። «መጣሁ» አለች። መጣችም… በራሷ መኪና። አዲስ ነው፣ እሱንም አየሁት።

ኩሽና ቁጭ ብላ ጻፈች። እኔ ሳህን የማጥብ መስዬ በትከሻዋ በኩል አነባለሁ። «ሁለቱን ቲኬት ያገኘችው እኔን ሥራ ስታደርስ ነው። ፍጠኚ እያልኩ የጎተጎትኳት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ባንቺ ምክንያት ነው ብላኝ አታውቅም።»

አላልኳትም? በልቤ ስንት ሺህ ጊዜ ብያታለሁ… ውሃውን ይበልጥ ከፈትኩት።

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ፎርሙ ገባ። እትዬ «ሌላ የምታሳውቂው ጥፋት አለ?» ሲሉኝ የለም አልኩ። ቅናት የሚጻፍበት ቦታ የለማ! ስለ እሷ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጻፊ ቢሉኝ እጽፍ ነበር? ባለፈው ሳምንት ቢሆን… አልጽፍም ነበር።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ሞተር ሳላስነሳ ደወልኩላት።

«ሰሎሜ፣ እንኳን ደስ አለሽ።»

«በምን?»

«ሲትዝን ስለሆንሽ።»

ስታለቅስ ሰማኋት።

«ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ» አለች፣ «አንቺ ብቻ ነበርሽ የቀረሽው።»