በሐሰት ስለከሰስኳት ባልደረባዬና ስለ እህቴ ትንፋሽ

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት
ቀን፦ ጥር 17

ጉዳዩ፦ በእኔ የሐሰት ቃል ከሥራ ክፍሏ የተነሳች ነርስ ወደ ቦታዋ እንድትመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

እኔ አመልካች በአየር ቧንቧ ምርመራ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ያገለገልኩ ነርስ ስሆን፣ የሚከተለውን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. ሁላችንም «ቀጭኗ» የምንላት ባልደረባዬ ሥራውን የለመደችው ከእኔ ነው። ተጣጣፊው ካሜራ በአፍንጫ በኩል ወደ አየር ቧንቧ ሲገባ የታካሚው ራስ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ዓመት ሳይሞላት ሐኪማችን «እሷን ጥሩልኝ» ማለት ጀመሩ። ለሥልጠና የተላከችውም እሷ ናት። ስትመለስ አቅፌ ሳምኳት፤ አንጀቴ ግን እርር ብሎ ነበር።

2. ባለፈው ኅዳር ካሜራው ውስጡ ሳይደርቅ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኘ። እርጥበቱ ጀርም ያራባል፤ ጀርሙም ለሚቀጥለው ታካሚ ሳንባ ይተርፋል። ያን ቀን አጥቤ ያስቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ስጠየቅ ግን «ቀጭኗ ናት» ብዬ ፈረምኩ። ጽሕፈት ቤትዎም አምኖኝ ወደ ካርድ ክፍል አዛወራት። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ስታስረክበኝ «እትዬ፣ እኔ እንዳልሆንኩ ያውቃሉ አይደል?» አለችኝ። ያልሰማሁ መስዬ ጓንት መቁጠሬን ቀጠልኩ።

3. ታላቅ እህቴን ዓመት ሙሉ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። «አስም ነው» ያልኳት እኔው ነኝ። በታኅሣሥ ካርድ ልታወጣ ስትሰለፍ ቀጭኗ በመስኮቱ ትንፋሿን ሰማች። «እማማ፣ የሚያፏጨው አየር ሲያስገቡ ነው፤ አስም አይመስለኝም። ዛሬውኑ በካሜራ ይታዩ» ብላ ደግፋ እስከ ምርመራ ክፍላችን በር አደረሰቻት። የእኔ እህት መሆኗን አታውቅም ነበር።

4. ካሜራው ሲገባ ባቄላ የሚያህል ቀይ እብጠት የአየር ቧንቧዋን ከግማሽ በላይ ዘግቶት በስክሪኑ ላይ አየሁ። ሐኪማችን ናሙና እየወሰዱ «ማነው ጎበዙ፣ ይህን የጠረጠረ?» አሉ።

«እኔ» አልኩ።

5. ናሙናው ካንሰር አለመሆኑ ታወቀ። በሳምንቱም ሐኪማችን በካሜራው ውስጥ ባሳለፉት ቀጭን የሽቦ ቀለበት እብጠቱን አንቀው፣ በኤሌክትሪክ ሙቀት ቆርጠው አወጡት። የእህቴን እጅ ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ሆኜ ሳለ፣ ስትነቃ «ያቺ የመስኮቷ ልጅ የታለች?» አለች። ያኔም ቀናሁ፤ የገዛ እህቴ እሷን በመጠየቋ ቀናሁ። ከዚያ ተኛች። ትንፋሿ ያለ ፉጨት ሲገባና ሲወጣ አጠገቧ ቆሜ ሳዳምጥ እንባዬ መጣ።

6. ዛሬ ጠዋት ካርድ ክፍል ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። በእጇ የያዘችውን ማኅተም አስቀምጣ «ጻፊው» አለችኝ። እትዬ ማለቷን ትታለች።

ስለዚህ የኅዳሩ ቃሌ ሐሰት መሆኑ በማኅደሯ እንዲመዘገብልኝ፣ እብጠቱን የጠረጠረችው እሷ መሆኗ ለሐኪማችን እንዲገለጽልኝ፣ እሷም ወደ ምርመራ ክፍሉ እንድትመለስ እጠይቃለሁ። የሚገባኝን ቅጣት ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ ጽሕፈት ቤትዎን ዳግመኛ አልዋሽም። ስሟ በተጠራ ቁጥር ዛሬም እቀናለሁ። ነገር ግን ነገ በዚያ በር የሚገባ ታካሚ ትንፋሹን በትክክል የሚሰማለት ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ እሷ ናት።

ከከበረ ሰላምታ ጋር
አመልካች ነርስ
(ፊርማ)