የአባትህን ሙያ ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው

ጌታሁንዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። የምጽፍልህ ሁሉ ለቅሶ እንዳይሆን ፈርቼ ዝም ብዬ ከረምኩ። ዛሬ ግን ደስታው አላስቀምጥ አለኝ። ልጅህ ሊያ ልታገባ ነው!

እኛ ደህና ነን። ታክሲህን ሸጥናት፤ ኮትህ ግን አሁንም በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፣ ማንም እንዲነካው አልፈቅድም።

ሽማግሌ ሊላክ ነው ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣህብኝ አንተ ነህ። ዘር ሲቆጠር አባትህ ምን ነበሩ መባሉ መቼም አይቀርም። እዚህ በስደት አገር፣ ካፒቶል ሂል በሚባለው ሰፈር በነበረችን ጠባብ ክፍል፣ ሳንጋባ በፊት፣ አባትህ ብረት ቀጥቃጭ እንደነበሩ ስትነግረኝ ድምፅህ ወርዶ ነበር። ታዲያ ምን አለበት ብዬ ሳቅሁ። አንተ ግን ቡዳ እየተባልክ ያደግህ ነህና አልሳቅህም፤ ለሰው ገበሬ ነበሩ እንድል አስማልኸኝ። በየድግሱ የሰው ሳህን ላለማየት አንገትህን ደፍተህ ትበላ ነበር። አንጀቴን ትበላው ነበር፣ ጌታሁን።

ሊያም ገበሬ እንድትል አስጠናኋት። እሷ ግን ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር ለትምህርት ኒው ኦርሊንስ ደርሳ መጣች። ከአየር ማረፊያ ስቀበላት ቀበቶዋን እንኳ ሳታስር ጀመረችው። ያ አገር በፈረንሳዮች እጅ ሳለ፣ ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙት ሰዎች ናቸው አሉ ወንዙን የሚያግደውን ግድብ የቆለሉት። ሩዙም እንዴት እንደሚበቅል የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ከመካከላቸው ቀጥቃጮችም ነበሩ፤ ሚስማሩን፣ የበሩን ማጠፊያ፣ መቆፈሪያውን ሠርተዋል።

«ማሚ፣ ከተማውን ቢልድ ያደረጉት እኮ እነሱ ናቸው! ስማቸውን እንኳ የጻፈላቸው የለም። እኛ የግራንድፓን ስም እያወቅን ለምን ሃይድ እናደርጋለን?» አለችኝ።

በወሬዋ ተይዤ ወደ ቤታችን የሚያስገባውን የሃቫና ስትሪት መታጠፊያ አለፍኩት። አንተ ብትኖር መንጃ ፈቃድሽን ከየት ገዛሽው ትለኝ ነበር። ነገሩ ግን ገባኝ! እነዚያ አገር አቅንተው እንደ ዕቃ ተቆጠሩ፤ አባትህም ያገሩን ማረሻ ሁሉ ሠርተው በሰው ድግስ ዳር ተቀመጡ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጡ። የሙሽራው ታላቅ አጎት ጋሽ ተክሌ የአባትህን ነገር ሲጠይቁኝ ሠርጉ በእኔ አፍ ሊፈርስ ነው ብዬ ፈራሁ፤ መሐላህንም ማፍረሴ ነው። «አቶ ወልዴ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻቸውን ያልያዘ ገበሬ በአገሩ አልነበረም» አልኳቸው።

አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፣ ሌላው ምንጣፉን አዩ። ጋሽ ተክሌ ግን ልጅቷን ጥሩልኝ አሉ። ሊያ ስትመጣ ከራሳቸው ሳህን ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሷት። ከዚያም እሷ እንድታጎርሳቸው አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ።

እልል አልኩ፣ ጌታሁንዬ! ብቻዬን፣ ጎረቤት እስኪሰማ!

መሐላህን ስላፈረስኩ አትቀየመኝ። በሙት ዓመትህ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እቆማለሁ። ስምህን ስጠራ የአባትህን ስም፣ የአባትህንም ሥራ አብሬ እጠራለሁ። እስከ ዛሬ ግማሽህን ነበር ለሰው የማሳየው፤ ከእንግዲህ ሙሉህን አስታውስሃለሁ።

ባለቤትህ አልማዝ