ከእናታችን ጀርባ ያለው አለት

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለኸሊል፤

ለመሆኑ እንደምን ከረምክ? የኩዌት ሙቀት በረድ አለልህ? ወገብህስ ተሻለህ? ሰልማና ልጆቹስ? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። እናታችንም ከጉልበቷ ሕመም በቀር ጤነኛ ናት፤ ድምጿ እንደ ድሮው ከወንዙ ማዶ ይሰማል።

አባታችን የቤቱ የኋላ ግድግዳ ያደረገው አለት ይፈለጥ ብለህ የጻፍከው ደርሶኛል። ግንበኛው ሻዝሊ በመዶሻ መትቶ ባዶ ድምፅ ሰምቷል፤ ከኮረብታው ተንከባሎ የመጣ ነውና አንድ ቀን እናታችን ላይ ይወርዳል ብሎሃል። እሷ ደግሞ "ድንጋዩን ስታነሱ እኔንም አብራችሁ አንሱኝ" ብላ ከሥሩ አልነቃነቅ አለች። በመካከላችሁ ቆሜ ምን ልበል? ተማሪዎቼን አስተምራቸው እንደነበረው መጀመሪያ ልመርምረው አልኩ።

ኸሊል፣ አለቱ አልተንከባለለም! ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ነው ይህን የምጽፍልህ።

ከደብዳቤው ጋር የላክሁልህን ስባሪ ፀሐይ ላይ ይዘህ አገላብጠው። እንደ መስታወት ብልጭ የሚለው ሮዝ ፌልድስፓር ነው። ግራጫውና ብርጭቆ የሚጭረው ኳርትዝ ነው። በጥፍርህ እንደ ወረቀት የሚላጠው ጥቁር ደግሞ ማይካ ነው። እነዚህ ሁሉ ጥልቅ መሬት ውስጥ ከቀለጠ አለት ቀስ ብለው ሲበርዱ የተወለዱ ናቸው፤ የማዕድን ፍሬዎቹ ትልልቅ የሆኑትም ጊዜ ስላገኙ ነው። እሳተ ገሞራ ወደ ላይ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ግን ቶሎ ስለሚበርድ ፍሬው በዓይን አይለይም። በግቢያችን ያለው አሸዋም አብዛኛው ከፈረሰ ግራናይት፣ ማለትም እንደ አለታችን ካለ ድንጋይ፣ የወጣ ኳርትዝ ነው፤ እንዲህ ያለው አሸዋ ጥንት ተደራርቦና ተጣብቆ ነው በወንዙ ምዕራብ ዳር ያለውን የአሸዋ ድንጋይ የሠራው።

ታዲያ አለታችን ለምን ክብ ሆነ? ገና አፈር ውስጥ ሳለ ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ጠርዝ ጠርዙን ስለበላው ነው። አፈሩ ሲታጠብ እሱ እዚያው ቀረ። ላዩ ግን እንደ ሽንኩርት ይላጣል፤ ሻዝሊ የሰማው ባዶ ድምፅ የልጣጩ ነበር።

ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። "መምህርት፣ ጡረታ ወጥተውም ድንጋይ ማስተማር ጀመሩ?" አለኝ። "ድንጋዩስ ይሰማኛል፤ ከልጅነትህ ጀምሮ አልሰማ ያልከኝ አንተ ነህ" አልኩት። እናታችንን ወደ ግቢ አውጥተን ሻዝሊ ልጣጩን በዲጂኖ አነሳው። እውነቱን ለመናገር ልጣጩ አደገኛ ነበር፤ በዚያስ አልተሳሳተም። ከሥሩ ያለውን ሲመታው ግን እንደ ደወል ጮኸ። ደግሞ መታው፣ ደግሞ ጮኸ።

"መልካም ድምፅ ይኑረው እንጂ፣ ተንከባሎ ላለመምጣቱ ምን ማስረጃ አለዎት?" አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጣጩ ሲነሳ ከላይ እስከ ታች የወረደ ሮዝ መስመር ወጥቶ ነበር፤ አለቱ ከጠነከረ በኋላ ሌላ የቀለጠ አለት ስንጥቁን ሞልቶ የሠራው ነው። ከግርጌው ያለውን አሸዋ እንዲቆፍር አደረግሁት። መስመሩ ሳይቆረጥ፣ ሳይዛነፍ፣ ቀጥ ብሎ ከሥር ወዳለው የደሴቲቱ አለት ገባ! አለቱ ስንዝር እንኳ ቢንቀሳቀስ ኖሮ መስመሩ ይበጠስ ነበር። ሻዝሊ ተንበርክኮ በጣቱ ተከተለውና "ይህስ ሥር አለው" አለ።

እናታችን ነገሩን ሁሉ ሰምታ "ታዲያ ተንከባሎ የሄደው ኸሊል ነዋ! ድንጋዩማ የት ሄደ?" አለችና ተመልሳ ጀርባዋን አለቱ ላይ አስደገፈች።

እንግዲህ ያለ አንተ ቃል ሻዝሊ መሣሪያውን አልሰበስብም ብሏል። "አይነካ" ብለህ ጻፍለት። ከቻልክ ግን ራስህ መጥተህ ንገረው፤ እሷ የምትጠብቀው ደብዳቤህን አይደለም።

ሰልማን፣ ትልቋን ሁዳንና ትንሹን ፊክሪን ሳምልኝ። ከዚህም ባለቤቴ በሽር፣ ልጄ ዘይነብ፣ ሻዝሊም ሳይቀር ሰላም ብለውሃል። እናታችን ግን ሰላምታዬን ሲመጣ በእጄ እሰጠዋለሁ ብላለች።

እህትህ ዳሂባ
ሰሄል ደሴት፣ አስዋን
ጥር 17 ቀን 1988 እ.ኤ.አ.