ያልጮኸው ቀበቶ

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? የእማዬ ጉልበት ክረምቱን ቻለው ወይስ ዘንድሮም ከአልጋ ወደ መስኮት ብቻ ነው የምትሄደው? ባልሽን ያ ሳል ለቀቀው? ትንሿስ ጥርሷን ጨረሰች ወይስ አሁንም ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች? ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ሰላም ናቸው? እኔ አለሁ። «ደህና ነኝ» እንዳልል ከልጅነቴ ጀምሮ ውሸቴን ከፊቴ ላይ ታነቢያለሽ። አለሁ ማለት ግን እችላለሁ፤ ይኸው እየጻፍኩልሽ ነው።

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ለእማዬ የሚነበበው ወደ መጨረሻው መስመር ካሰመርኩበት በታች ያለው ብቻ ነው። ባለፈው በስልክ ትንሽ ተጋጨን፣ ምንም አልሆንኩም ያልኩሽ፣ ድምፁን ለእማዬ ከፍ አድርገሽ እንደምታሰሚያት ስለማውቅ ነው። አሁንም ደውዬ ላወራሽ አልችልም። ሦስት የጎድን አጥንቴ ተሰብሯል፤ ሁለት ቃል በተናገርኩ ቁጥር ከውስጥ በቢላ የሚወጋኝ ሰው ያለ ይመስለኛል። እጄ ግን ጤነኛ ነው፤ እጄ ይናገር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልዘዝሽ፤ ታናሽ ታላቁን ያዛል ወይ እንዳትይኝ። ቀሪውን ከማንበብሽ በፊት ተነሺና ወደ ባልሽ መኪና ሂጂ። አንቺ ትንሿን ታቅፈሽ በምትቀመጪበት የፊት ወንበር ጎን፣ ቀበቶ የሚቆለፍበት ቀዳዳ ውስጥ፣ ቀበቶ የሌለው ባዶ የብረት ምላስ ተሰክቷል። ቀዩን ተጫኚና ንቀዪው። ከዚያ ተመልሰሽ አንብቢ። እኔ እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ የተጋጨ መኪና ጎታች ነኝ። የማታውቂው የሥራውን ሕግ ነው። ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ግን ይገዛበታል፤ ሰንሰለቱን መጀመሪያ ያሰረ መኪናውን ይወስዳል። ስለዚህ ግጭት ተሰማ ሲባል ሁለት ሦስት ጎታች መኪና ከየአቅጣጫው እንደ አሞራ ይከንፋል። የሚያሸንፈው ቀድሞ የደረሰው ሳይሆን ቀድሞ የዘለለው ነው። ሹፌሩ ገና ፍሬን ሲይዝ ረዳቱ በሩን በርግዶ መንጠቆውን ይዞ ይወረወራል። እኩል የደረሱ እንደሆነ ነገሩ የሚያልቀው በብረት ነው። ሰው ውስጥ እያቃሰተ፣ ነጂው ከመሪው ሥር ተጣብቆ እያለቀሰ፣ ጎታቾች ውጭ በጎማ መፍቻ ሲፈነካከቱ የፖሊስ ፊሽካ የለያቸው ቀን ብዙ ነው።

የእኔ ረዳት ንፋሱ ይባል ነበር። ይህን ስም እናቱ አይደለችም ያወጣችለት፤ ከበር ሲዘል ያዩት ሰዎች ናቸው። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ጠብ ሲሸተው ግን ዓይኑ ደም የሚለብስ ሰው ነበር። ከተፎካካሪዎቻችን አንዱን፣ ዛሬ ወርቅ ጥርስ የምንለውን ሹፌር፣ የፊት ጥርሱን በመንጠቆ ያረገፈው እሱ ነው፤ ወርቁ የተተከለው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ወርቅ ጥርስም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በሳምንቱ የንፋሱን ክንድ በሰንሰለት ሰበረው። እንዲህ እየተዋደድን ነው በአንድ መንገድ የምንውለው።

ንፋሱ ቀበቶ አያስርም ነበር። እኔ እስክፈታ ወርቅ ጥርስ አስሮ ይጨርሳል ይል ነበር። እኔ ግን አስራለሁ። አንደኛ የምዘለው እኔ አይደለሁም፤ ሁለተኛ መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ ቀን እማዬ በጠባኸው ጡቴ ይዤሃለሁ ብላኛለች። ንፋሱ በዚህ ሲስቅብኝ ይውላል። እስረኛው ነበር የሚለኝ። ጠዋት ስንገናኝ ከሰላምታ በፊት እስረኛው፣ ፍርድህ ስንት ቀረው ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔም ይግባኝ ብያለሁ እለዋለሁ። ይህን ሳልሰማ የሚነጋው ጠዋት እስካሁን አልለመደልኝም።

አለቃችን አዲስ መኪና ሲገዛ ችግር መጣ። አዲሱ መኪና ሰው ተቀምጦበት ያልታሰረውን ወንበር ያውቃል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት አብርቶ ጢጥ ጢጥ እያለ ጆሮ ይበሳል። ንፋሱ መላ አያጣም። ግቢያችን ውስጥ የተጨራመቱ መኪኖች ተደርድረዋል፤ ከእነሱ ላይ የተቆረጡ ቀበቶዎችን ምላስ እየፈታ በኪሱ ይይዝ ጀመር። አንዱን ሰካበት፤ መኪናው ሰውየው ታሰረ ብሎ አመነና ዝም አለ። ብዙም ሳይቆይ የጎታቾች ሁሉ መኪና ዝም አለ። አየሽ፣ ይህን ያደረግነው ቀበቶ ምን እንደሚሠራ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ከመስታወት ውስጥ ጭንቅላት በእጃችን ያወጣን እኛው ነን።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል። ድልድዩ አጠገብ ሚኒባስና የቤት መኪና ተጋጩ ተባለና ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ወርቅ ጥርስ መብራቱን እያብለጨለጨ ከኋላችን ተጠጋ። ትንፋሻችንና የረጠበው ልብሳችን የፊት መስታወቱን በጉም ሸፈኑት። ሙቅ አየር ወደ መስታወቱ የሚነፋውን ቁልፍ ልጫን እጄን ስዘረጋ ንፋሱ እጄን መታኝ፤ መሪህን ያዝ፣ እሱ እስኪሞቅ ይቀድሙናል አለኝ። ከዚያ ከወንበሩ ተነሣና አንድ ጉልበቱን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፎ መስታወቱን በጨርቅ ይጠርግልኝ ጀመር። ጉልበቱ ያረፈው ኤርባጉ፣ ሲጋጭ የሚፈነዳው የአየር ከረጢት፣ ያለበት ክዳን ላይ ነበር። ጨርቁ ያለፈበት ቦታ ጠራ፤ በዚያው በጠራው ቦታ ጠጠር የጫነ መኪና ያለ መብራት መንገዱን ዘግቶ ቆሞ አየሁ። ፍሬኑን ረገጥኩት፤ ጎማው በውሃው ላይ ተንሸራተተ።

እታለም፣ የመጀመሪያው ምት ደረቴን በመጥረቢያ የፈለጡኝ ያህል ነበር፤ የያዘኝ ቀበቶው ነው። በዚያው ቅጽበት ኤርባጉ ፈነዳና የንፋሱን ጉልበት ወደ ገዛ ፊቱ መለሰው። አፍንጫውና ጥርሱ ሲደቅ ሰምቻለሁ፤ ዛሬም እሰማዋለሁ። ከወንበሩ ጀርባ ሳናስር የተውነው ክሪክ በመካከላችን አልፎ ሬዲዮኑን ሰባብሮት ገባ። አንድ ስንዝር ወደ ግራ ቢል ኖሮ ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ወንድም አልነበረሽም። ከዚያ መኪናው ተጠመዘዘና በቀኝ ጎኑ ተጋደመ። የወደቀው አንድ ጊዜ ነው፤ ንፋሱ ግን በዚያች ጠባብ ጋቢና ውስጥ ጣሪያውንም፣ በሩንም፣ መሪውንም፣ እኔንም መታ። የጎድን አጥንቴን የሰበረው ብረት አይደለም፤ የጓደኛዬ ጭንቅላት ነው።

ሁሉም ሲቆም እኔ በቀበቶዬ ተንጠልጥዬ ነበር። ንፋሱ ከሥሬ፣ የተሰበረው በር ላይ ተጣጥፎ ወድቋል። ከግንባሬ የሚወርደው ደም እሱ ላይ ይንጠባጠባል። ስጠራው አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ ሌላው ዓይን አልነበረም። ያኔ ከውጭ የማውቀው ድምፅ መጣ። ሰንሰለት ሲጎተት፣ ከዚያ መንጠቆ ብረት ላይ ቀጭ ሲል። የወርቅ ጥርስ ረዳት ማን ሞተ ማን ተረፈ ሳይል እኛኑ አሰረን፤ ሕጉ ነዋ። ንፋሱም ሰማው። ደም በሞላው አፉ፣

«ማነው ያሰረው?» አለኝ።

«እኛ ነን» አልኩት።

የእኔን ውሸት አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እሱ ግን አመነኝ። ሊስቅ የሞከረ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ወርቅ ጥርስ በተሰበረው መስታወት ጭንቅላቱን አስገብቶ ማን እንደሆንን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ረዳቱ ከኋላው ልጎትተው ወይ እያለ ሲጠይቅ ዞሮ በጥፊ አጋደመው። ቢላውን አውጥቶ ቀበቶዬን ቆረጠ፤ በትከሻው ተሸክሞ አወጣኝና ለንፋሱ ተመልሶ ገባ። መስታወቱ ክንዱን ሲተለትለው ዞር ብሎም አላየው። ጥርሱን ያረገፈውን ሰው እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣው፣ አስፋልቱ ላይ አስተኝቶ ጃኬቱን አለበሰው፣ ከዚያ ዝናቡ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጦ አለቀሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትይ ይሆናል። እኔ ግን ያንን ሰው ከእንግዲህ በክፉ አላነሣውም። እኔ ሆስፒታል ስለነበርኩ የንፋሱን ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው።

አለቃችን ሊጠይቀኝ መጥቶ ገና እግዜር ይማርህ ሳይለኝ ስለ መኪናው ጠየቀኝ። አጠገቤ የነበረውን የውሃ ብርጭቆ ወረወርኩበት፤ ግንባሩን ሰነጠቀው፣ የእኔም አጥንት እንደ አዲስ የተሰበረ ያህል ጮኸ። አልጸጸትም። ከሆስፒታል ስወጣ ወደ ግቢው ሄጄ መኪናችንን አየሁት። መሪው ተጣሟል፣ ወንበሩ ተገነጣጥሏል፣ ዳሽቦርዱ ለሁለት ተከፍሏል። ከንፋሱ ወንበር ጎን ያ የብረት ምላስ እንደተሰካ አለ፤ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም።

ያን ጊዜ ነው ባልሽ ትዝ ያለኝ። አምና ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ አንቺ ትንሿን ታቅፈሽ ስትቀመጪ መኪናው እየጮኸ ከእንቅልፏ እንደሚቀሰቅሳት ለንፋሱ አጫውቶት ነበር። ንፋሱ ከኪሱ አንዱን ምላስ አውጥቶ ለልጅቷ እንቅልፍ ይሁን ብሎ ሰጠው። በፍቅር ነው የሰጠው። ያ ምላስ የተፈታበትን መኪና አስታውሰዋለሁ፤ ነጭ የቤት መኪና ነበር፣ ፊቱ እንደ ቆርቆሮ ተጨብጧል። ከውስጡ ያወጣናት ሴት በገዛ እግሯ ቆማ ልጆቿን ጠርታለች። ቀበቶውን የቆረጥነው እሷን ለማውጣት ነው። እናት ያተረፈ ብረት ነው አንቺ ጎን ሥራ ፈቶ የተቀመጠው።

ስለዚህ እለምንሻለሁ፣ ትንሿን ከፊት አትታቀፊያት። ክንድሽ ብርቱ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔን ራሴን ስንት ጊዜ ከወንዝ ጎትቶ አውጥቶኛል። ግን የንፋሱን ያህል ብርቱ ክንድ አይቼ አላውቅም፤ ያቺን ጨርቅ እንኳ ይዞ መቆየት አልቻለም። የልጅ ወንበር ይገዛላትና ከኋላ እሰሯት። አንቺም ስትታሰሪ የታችኛው ከሆድሽ ዝቅ ብሎ ዳሌሽ ላይ ይለፍ፤ የላይኛውን ደግሞ ተመቸኝ ብለሽ በብብትሽ ሥር እንዳታሳልፊው። ባልሽ ዳሽቦርዱ ላይ የደረደረውን ጌጥና ያችን ከባድ የሽቶ ጠርሙስ አንሺለት፤ ሲጋጭ ሁሉም ጥይት ነው። እግርሽንም እዚያ እንዳትሰቅዪ። ክሪኩን ኋላ በገመድ ይሰረው፣ የራስ መደገፊያውን ከጆሮው እኩል ያድርገው። የጉሙን ቁልፍ፣ የዝናብ መጥረጊያውን፣ የድርብ ፍሬቻውን መኪናው ቆሞ ሳለ ዓይኑን ጨፍኖ እስኪያገኛቸው ይልመድ፤ ቁልቁለት ላይ ቁልፍ አይፈለግም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ነው። ካጉረመረመ ይህን ደብዳቤ አስነብቢው። ያም ካልበቃው አጥንቴ ሲጠግን መጥቼ በጎማ መፍቻ አስረዳዋለሁ። እንደምወደው ንገሪው፤ ግን አስረዳዋለሁ።

የነቀልሽውን ምላስ በፖስታ ላኪልኝ። እኔና ወርቅ ጥርስ ከየጎታቹ መኪና እየነቀልን በአንድ በርሜል እየሰበሰብን ነው። እኔ በነገር እለምናለሁ፤ እምቢ ያለውን እሱ በጉልበት ያስረክበዋል። የአንቺ ሲደርሰን ሁሉንም በመዶሻ እንቀጠቅጣቸዋለን።

————————

እማዬ፣ ጉልበትሽን ስሜያለሁ፤ የሚያምሽንም የማያምሽንም። አትስጊ፣ እየበላሁ ነው፣ እየተኛሁም ነው። በጡትሽ ያስማልሽኝን ቃል አንድ ቀን እንኳ አላጠፍኩም፤ ቃልሽም አላጠፈኝም። ለአማቼ ለወንድሜ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ሳሉ ካልተወው ሐኪም ይየው። በአጥሩ ላይ ወሬ ለምትቀባበሉት ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ፣ ሸሚዜ አሁንም ልክ ነው፣ ቁልፉ ግን ተበጥሶ ጠፍቷል በይልኝ። አክስቴንም አንድ በአንድ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አኩርፋ ከሆነ ሦስተኛ ጨምሪላት።

እታለም፣ ይህች ደግሞ ለአንቺ ብቻ ናት፤ ትንሿን በደብዳቤ ሰላም ማለት አልፈልግም። ከኋላ ወንበር መጀመሪያ ያሰራችኋት ቀን ደውይልኝ። ፍቱኝ እያለች ስትጮህ፣ ስታለቅስ፣ ወንበሩን በእግሯ ስትደበድብ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጊልኝ። መናገር ባልችል መስማት እችላለሁ።

ወንድምሽ
እስረኛው

ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ሐምሌ ፲፬ ቀን